የአርባ ደቂቃ ባትሪ

ጥቅምት 4 ቀን

ለወንድሜ ልጅ ለብሎኔ፤

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝሽ ምኞቴ ነው። እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ጆሮዬም ቢሆን ከዚህ በላይ የሚብስበት ቦታ ስለሌለው አታስቢ። ትናንት አለቃዬ ሦስቴ ጠርቶኝ አልሰማ ስለው ጀርባዬን በፎጣ መታኝ። የሽመና ፋብሪካው ጆሮዬን በልቶ እኔን ተፋኝ ብዬ ነግሬሽ የለ።

ወደ ነገሬ ልግባ። የአባትሽ ድረ ገጽ መስከረም 21 ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ አሥር ተኩል አልነበረም። መስከረም 26 ደግሞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጠፍቶ እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት አልተነሳም። መብራት ጠፍቶ ነው እንዳትዪኝ። መብራት ሲመለስ የኢንተርኔቱ ሳጥን ወዲያው ስለሚነሳ እዚህ ሆኜ ይታየኛል። ድረ ገጹ ያለበት ኮምፒውተር ግን አንቺ ፊቱ ቁጭ ብለሽ የይለፍ ቃሉን ካልጻፍሽለት አይነሳም። በሁለቱ መሃል ያለው ጊዜ አንቺ ቤት ያልነበርሽበት ጊዜ ነው። መስከረም 26 ሳጥኑ አራት ሰዓት ላይ ተመልሷል። ስምንት ሰዓት ሙሉ የት ዋልሽ?

ለቁጣ አይደለም። እዚያ ያለው አባትሽ ሠላሳ ዓመት የስፌት መኪና ሲጠግን በእጁ የሣለው የጥገና ሥዕል ነው። በየከተማው ያለ ጠጋኝ መኪና ሲያስቸግረው የሚከፍተው እሱን ነው። ቢዘጋበት ደንበኛው ፊት ካቻቢቴ ይዞ ሲገተር ይታይሽ። ወንድሜ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው፤ ያ ገጽ ሲከፈት ግን ለእኔ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያለ ይመስለኛል።

በመንገደኛ ለኮምፒውተሩ አዲስ ባትሪ ልኬልሻለሁ። የድሮው አሥራ አምስት ደቂቃ ነበር የሚይዘው፤ ይሄ አርባ ደቂቃ ይይዛል። እንግዲህ ሰፊ ጊዜ አለሽ።

በወረቀት መጻፌን እንደ ሽማግሌ ነገር አትቁጠሪው። ስልክ ብደውል አልሰማሽም። ኢሜይል ብልክ ኢሜይላችን ያለው እዚያው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ «ለምን ጠፋ?» ብዬ የምልከው አብሮት ይጠፋል። እንዲህ አድርጌ ያቀናጀሁት እኔው ነኝ፤ መሳቅ ትችያለሽ። የስልክ አጭር መልእክት ደግሞ ነገር ያሳጥራል፤ እኔ አሳጥሬ መናገር አላውቅበትም።

እናትሽን ሰላም በይልኝ።

አጎትሽ


ጥቅምት 20 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

እንደምን ከርመዋል? እኔ ጤናዬን ደህና ነኝ። ባትሪው ደርሷል፤ ያመጣው ሰው ክብደቱን እየረገመ በሩ ላይ ጥሎልኝ ሄደ። ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ። እማን ሰላም በያት ብለዋል። እማ ነሐሴ ላይ እህቷ ዘንድ ጠቅልላ መሄዷን በሁለት ደብዳቤ ጽፌልዎት ነበር። ስለ ኮምፒውተሩ ያልሆነውን ክፍል ዘልለው ያነባሉ መሰለኝ። መቀለዴ ነው፤ ግማሹ ግን ቀልድ አይደለም።

መስከረም 21 ፀጉር ቤት ነበርኩ። ፀጉሬ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ እንደቆመ መብራት ጠፋ። ባትሪው ከማለቁ በፊት በሥርዓት ካላጠፋሁት ዲስኩ ይበላሻል ብለውኛልና እንደ ልማዴ ልሮጥ ተነሳሁ። ሠሪዋ «ምነው፣ ሕፃን ቤት ጥለሽ ነው የመጣሽው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ስንት ዓመቱ ነው?» ስትለኝ «ሦስት» አልኩና፣ ከአፌ ሲወጣ እኔው ደነገጥኩ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ዲስኩ ምንም አልሆነም።

መስከረም 26 ደግሞ ፈተና ላይ ነበርኩ። እማ ያለችበት ከተማ አዲስ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ተከፍቷል፤ የመኪና ጠጋኝ ይፈልጋሉ። በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ነው። አንድ የተሰነካከለ መኪና ሰጡኝ፤ የክር መሳቢያው ተቆልምሞ ነበር። አባባ እንዳስተማረኝ በሃያ ደቂቃ አስነሳሁት። የጥገና ኃላፊው «ማን አስተማረሽ?» ብሎ ስልኩን አውጥቶ ከድረ ገጹ የአባባን ሥዕል አሳየኝ፤ ማለቴ ሊያሳየኝ ሞከረ፤ አልከፈት አለው። ለምን እንዳልተከፈተ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

አርባ ደቂቃ ሰፊ ጊዜ ነው ብለዋል፤ በእግሬ ለካሁት። ከበር ስወጣ ቢጠፋስ ብዬ ደርሶ መልሱን ነው የማስበው። ገበያ ሳልከራከር ከገዛሁ እመለሳለሁ። ጤና ጣቢያ መሄድ እችላለሁ፤ ተራ መጠበቅ ግን አልችልም። ባንክ አይታሰብም። ፖስታ ቤት ሄጄ ስመለስ አራት ደቂቃ ይተርፈኛል። የጓደኛዬ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ሳይገቡ ወጥቻለሁ፤ እስከ ዛሬ እንዳኮረፈችኝ ናት።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንዎ። ድረ ገጹን እንደ ሰው በኪራይ እናስቀምጠው። ሆስቲንግ የሚሉትን ማለቴ ነው፤ መብራት በማይጠፋበት ቤት፣ ቀንና ሌሊት የሚጠብቁት ሰዎች ባሉበት ኮምፒውተር ላይ። ዋጋውን ጠይቄያለሁ፤ በዓመት የሚጠይቁት እኛ ለመስመሩና ለባትሪው ከምናወጣው ያንሳል። የይለፍ ቃሉን ቁልፍ እናንሳው ብልዎ «ካልተደመሰሰ አይነሳም፣ እኔ ስመጣ አደርገዋለሁ» ካሉኝ ሁለት ዓመት አለፈ። ከዚህ ቤት መውጣት እፈልጋለሁ አጎቴ። የሚያስቀረኝ ሌላ ሰው የለም፤ እሱ ብቻ ነው።

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር 8 ቀን

ለብሎኔ፤

ባለሽበት ሰላም ይብዛልሽ። የእናትሽን መሄድ አንብቤው ነበር፤ ረስቼ ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። እጄ በሳሙና ተሰነጣጥቆ ጽሑፌ ቢንሻፈፍ አትታዘቢኝ።

ስለ ፈተናው ሳነብ ደስ ብሎኛል። አባትሽ ገና በአራት ዓመትሽ ከሱ ሥር የወደቀ ብሎን ስትለቅሚ አይቶ ነው ስም ያወጣልሽ። ስለ ኪራዩ ግን ልቤ አልቆረጠም፤ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

እኔ እዚህ አገር ሃያ ስድስት ዓመት ተከራይ ነኝ። ሰባት ቤት ቀይሬያለሁ፤ አንዱንም ወድጄ አልቀየርኩም። አንዱ አከራይ ልጄ ሊያገባ ነው ብሎ አስወጣኝ፤ ልጁ እስከ ዛሬ አላገባም። ሌላዋ ከሥራ ስመለስ ፍራሼን ደረጃ ላይ አቁማ ጠበቀችኝ። አሁን ያለሁበት ክፍል አልጋውን ካልገፋሁ በሩ አይከፈትም፤ እሱም ሆኖ በየስድስት ወሩ ኪራዩ እየጨመረ ልብ ያወልቃል። የእነዚያም ኩባንያዎች ነገር ያው ነው። መጀመሪያ በርካሽ ያስገቡሻል፤ ዕቃሽን ከዘረገፍሽ በኋላ ዋጋ ይጨምራሉ። አንድ ወር ብታሳልፊ ዕቃሽ ደጅ ነው። ሄደሽ የምታንኳኪው በር የላቸውም። እቤት ያለው ግን ዓይንሽ እያየው፣ እጅሽ እየነካው የራስሽ ነው። ማንም ተነስቶ ውጣ አይለውም። የወንድሜን እጅ ሥራ ተከራይ አላደርገውም።

ደግሞ ይህ የእኔ ሐሳብ ብቻ አይደለም። አባትሽ በጻፈልኝ በመጨረሻው ደብዳቤ ሥራዬ ከቤቴ እንዳይወጣ ብሎኛል። ይህን እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽ እንዳይከብድሽ ብዬ ነው።

አድራሻውም አለ። አባትሽ በጠገነው መኪና ሁሉ ሆድ ሥር አድራሻውን የያዘች ወረቀት ለጥፏል፤ ስንት ሺህ መኪና እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ያንን የድረ ገጽ ስም ወደ ሌላ ቤት የማዞረው እኔ ነኝ። እኔ ሳላዞረው ብትከራዪ ሰው የሚመጣው ያው ወደ እናንተ ቤት ነው። አይቼ፣ አጥንቼ እነግርሻለሁ። እስከዚያ ታገሺ።

ጥቅምት 17 ሃምሳ አምስት ደቂቃ፣ ጥቅምት 29 ሁለት ሰዓት ከሩብ። ለማስታወስ ያህል ነው።

አጎትሽ


ኅዳር 24 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጤናዎን አብዝቶ ይስጥዎ። ለእጅዎ ቅባት ልኬያለሁ፤ ሰውየው ካልረሳው ይደርስዎታል። እንደ እርስዎ ያለ ኮምፒውተር ጠጋኝን ሳሙና እንዴት እንዳገኘው አልገባኝም፤ አልጠይቅም።

ፈተናውን አልፌያለሁ። ሦስት መቶ መኪና አላቸው፤ የእኔ ተራ ስልሳው ይሆናል። ማደሪያ እማ ዘንድ አለኝ። የካቲት 1 ቀን ጠዋት ሥራ ላይ እንድገኝ ተጽፎልኛል። ደብዳቤው ላይ ማኅተም አለበት፤ ሦስቴ አጥፌ ሦስቴ ዘርግቼዋለሁ።

ስለ አከራዮቹ ያሉትን ሳነብ አንጀቴን በላኝ። ፍራሹን ደረጃ ላይ የማቆሟን ነገር ከዚህ በፊት ነግረውኝ አያውቁም። ግን አንድ ነገር ልበል፣ ከድፍረት አይቁጠሩብኝ። እኔም ተከራይ ነኝ። በአባቴ ቤት ውስጥ አከራዬ ኮምፒውተሩ ነው። ስወጣ የምፈራው እሱን ነው፤ ሳመሽ ለእርስዎ ይከሰኛል። የፊት ለፊቱን ክፍል መስኮት ከዘጋሁት ይሞቀዋል፣ ከከፈትኩት አቧራ ይገባበታል፤ ስለዚህ በእርጥብ ጨርቅ መጋረጃ ሠርቼለት በየሰዓቱ ጨርቁን እነክራለሁ። አባባ ሥራ የሚሠራበት ጠረጴዛ ሥር ሁለት ጡብ ላይ ተቀምጦ ያጉረመርማል። ጉርምርምታውን ከመልመዴ የተነሳ አልሰማውም፤ የሚታወቀኝ ሲቆም ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጠጋኝ ስልክ ደወለልኝ። ድረ ገጹ ጠፍቶበት ነው፤ መብራት አልነበረም። የፈለገውን ሥዕል ከአባባ ደብተር አውጥቼ በስልክ አነበብኩለት። ሲጨርስ «እህቴ፣ ይሄን ነገር ለምን ሁልጊዜ በማይጠፋበት ቦታ አታስቀምጡትም?» አለኝ።

የአባባን የመጨረሻ ደብዳቤ ኮፒ ይላኩልኝ። የእሱ ቃል ከሆነ አንገቴን ደፍቼ እቀመጣለሁ፤ ከቃሉ ወጥቼ የምሄድበት መንገድ የለም። ግን በዓይኔ ልየው። ከሌለ ደግሞ ስሙን ያዙሩልኝ። ጊዜው እስከ የካቲት 1 ነው።

አክባሪዎ


ታኅሣሥ 14 ቀን

ለብሎኔ፤

እንደምን ሰነበትሽ። ቅባቱ ደርሷል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሥራ ማግኘትሽ ለእኔም ኩራት ነው። የአባትሽ ደብዳቤ ካርቶን ውስጥ ነው፤ ካርቶኑ አልጋ ሥር ነው፤ ሲመቸኝ አወጣዋለሁ። እስከዚያ ለጄነሬተር የሚሆን ገንዘብ ልኬልሻለሁ። ትንሿን ግዢ፤ ድምፅዋ ጎረቤት አይረብሽም። ጄነሬተር ካለ ባትሪው አያልቅም፤ ባትሪው ካላለቀ ኮምፒውተሩ አይጠፋም፤ ካልጠፋም የይለፍ ቃል አይጠይቅሽም። የፋብሪካውን ሰዎች ለስድስት ወር እንዲታገሡሽ ጠይቂያቸው፤ ጎበዝ ሠራተኛ የፈለገ ሰው ይታገሣል።

ኅዳር 30 አንድ ሰዓት ከሃያ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 28 ቀን

ለአጎቴ፤

ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ገንዘቡ ደርሷል። ጄነሬተሩን ማን ያስነሳዋል? ነዳጅ የሚቀዳውስ? ጄነሬተር ከገዛሁ የምጠብቃቸው ሁለት ይሆናሉ።

ኅዳር 30 እማ ታማ ነበር። አውቶቡስ ተራ እንደደረስኩ መብራት ጠፋ። ቲኬቱ እጄ ላይ እያለ ተመለስኩ። ከተመለስኩ በኋላ ነው መመለሴ የታወቀኝ። እማ አሁን ደህና ናት፤ አልመጣሽም ብላ አልተናገረችኝም፤ የሚያመኝ እሱ ነው።

ደብዳቤዎ እስከ ጥር መጨረሻ ካልደረሰኝ ቦታው ያመልጠኛል። እምቢ ካሉም እምቢ ይበሉኝ። የሚሰማኝን ልንገርዎ፤ ታፍኛለሁ። ታፍኜ ከምቆይ ደግሞ እምቢታ ይሻለኛል።

የወንድምዎ ልጅ


ጥር 13 ቀን

ለልጄ፤

ሰላምታ የማበዛው ነገር ለማዘግየት ስፈልግ ነው፤ ዛሬ ይቅርብኝ።

ስሙን ማዞር አልችልም። አልፈልግም አይደለም፤ አልችልም። ድረ ገጹን ስንከፍት ስሙን ያስመዘገብኩት ያኔ እሠራበት በነበረው የኮምፒውተር ሱቅ ኢሜይል ነው። አባትሽ ከሞተ በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ ሱቁ ተዘጋ። ባለቤቱ ኢሜይሉን ሁሉ ዘግቶ ከከተማ ጠፋ። ስሙን የሚመዘግቡት ሰዎች አንድ ነገር ልቀይር ስላቸው ማረጋገጫውን የሚልኩት ወደዚያ ወደሞተው ኢሜይል ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ጽፌላቸዋለሁ። መታወቂያዬን ልኬያለሁ። «ኢሜይሉን መክፈት ካልቻልህ አናውቅህም» ነው መልሳቸው። ለአሥር ዓመት የከፈልኩበት ስም ነው፤ የእኔ ነው ብዬ ማስረዳት አልቻልኩም። ያ ስም የሚያውቀው ያንን ቤት ብቻ ነው። መስመሩ ከዚያ ቤት ከተነሳ አባትሽ በየመኪናው ሆድ የለጠፈው ወረቀት ሁሉ ወደ ባዶ ይመራል።

ይህን ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ። ግን ያንን ከተናገርኩ የሱቁን መዘጋትም መናገር ሊኖርብኝ ነው። እናንተ ዘንድ እኔ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ፤ አባትሽ ለሰው ሁሉ «ወንድሜ ውጭ አገር ኮምፒውተር ይሠራል» ሲል ኖሯል። ሦስት ዓመት ሙሉ የሆቴል ምድር ቤት ውስጥ ፎጣና አንሶላ እያጠብኩ ነው። ሳሙናውን አልጠይቅም ብለሽ ጻፍሽልኝ። ጠይቀሽኝ ቢሆን እንደገና እዋሽሽ ነበር።

አባትሽ ሥራዬ ከቤት እንዳይወጣ አላለም። እሱን ከራሴ ነው ያመጣሁት። የሞተ ሰው አፍ ውስጥ ቃል አስገባሁ። የመጨረሻ ደብዳቤውን አብሬ ልኬልሻለሁ፤ እንደምታዪው ስለ ድረ ገጹ አንዲት ቃል የለበትም። ስለ መነጽሩ ነው የሚያወራው። የግራው መስታወት ተሰንጥቆበት የመርፌውን ቀዳዳ ሁለት እያየ እንደተቸገረ ጽፎ፣ ተመሳሳዩን ፈልግልኝ ይላል። ፈልጌ ሳልጨርስ ሞተ።

ደግሞ አንድ የቀረኝ አለ። የጠፋበትን ሰዓት የምቆጥረው ለጠጋኞቹ ብዬ አልነበረም። ከሥራ ገብቼ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ገጹን ስከፍተውና ሲከፈትልኝ አንድ የማውቀው ሰው እቤቱ አለ እላለሁ። ሳይከፈት ሲቀር የት ሄደች ብዬ አስባለሁ፤ ቢያንስ የማስበው አገኛለሁ። አንቺ ከሄድሽ በዚያ በኩል የማውቀው በር የለም። እስር ቤት እንዳስገባሁሽ ዘንግቼው አይደለም። ያፈርኩትን ከመናገር አንቺን ማስቀመጥ ቀለለኝ።

ሂጂ። እንደፈለግሽ አድርጊው።

አጎትሽ


መጋቢት 2 ቀን

ለአጎቴ፤

ደብዳቤዎ የካቲት 17 ቀን ደረሰኝ። ላዩ ላይ የጻፉት ጥር 13 ነው። ፖስታው ላይ ያለው የፖስታ ቤት ማኅተም የካቲት 5 ይላል። ጥርጣሬ እንዳይኖረኝ ወደ ብርሃን ይዤ ወጥቼ ደግሜ አየሁት። ደብዳቤ ከእርስዎ እኔ ዘንድ የሚደርሰው በአሥራ ሁለት ቀን ነው። በጻፉበት ቀን አስገብተውት ቢሆን ጥር 25 ይደርሰኝ ነበር። ወረቀቱ አራት ቦታ ታጥፎ ጫፉ ተልጧል፤ ሃያ ሁለት ቀን ኪስዎ ውስጥ ይዘውት እንደዞሩ ይታወቃል።

ጥር 24 በስልክ «መልስዎን እየጠበቅኩ ነው» ብዬ አጭር መልእክት ልኬልዎት ነበር። «ደብዳቤው መንገድ ላይ ነው» ብለው መለሱልኝ። አመንኩ። መንገድ ላይ ከሆነ ሳይደርሰኝ አልነሳም ብዬ ተቀመጥኩ። የካቲት 1 ጠዋት ለጥገና ኃላፊው ደውዬ አንድ ሳምንት ለመንኩት፤ ሰጠኝ። በስምንተኛው ቀን እኔው ደወልኩ። «እህቴ፣ ከዚህ በላይ ልጠብቅሽ አልችልም» አለኝ፤ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። እርስዎ ደብዳቤውን ፖስታ ቤት ባስገቡ በሦስተኛው ቀን ማለት ነው።

አዝኜብዎታለሁ። በሱቁ አይደለም። ፎጣ ማጠብ ነውር አይደለም፤ አባባም ቢሰማ «እጁን ይጠብቅ» ብሎ ነበር የሚልዎት። ኢሜይሉንም ሰው ይረሳል። ያዘንኩት በአባባ ቃል ነው። እምቢ ለማለት የተቸገርኩት በእርስዎ አልነበረም፤ በእሱ ነበር። የመነጽሩን ደብዳቤ ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ከዚያ ሁለት ቀን አልቅሻለሁ።

አሁን ያደረግሁትን ልንገርዎ። በጄነሬተሩ ገንዘብ ለአንድ ዓመት ኪራይ ከፈልኩ፤ ተርፎኛል። አዲስ ስም አስመዘገብኩ፤ በራሴ ስልክ፣ በራሴ ኢሜይል። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አሻገርኳቸው። ከምሳ በኋላ ጀምሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረስኩ። ሦስት ዓመት የታሰርኩበት ነገር የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ይህን ሳውቅ የተሰማኝን ለመጻፍ ሞክሬ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ።

እቤት ያለውን ኮምፒውተር ደመሰስኩት። የይለፍ ቃሉ ቁልፍም አብሮ ሄደ። አሁን ያለበት አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ «ወደዚህ አድራሻ ሄደናል» ይላል፣ አዲሱ ስም ከሥሩ ተጽፏል። በየመኪናው ሆድ የተለጠፈችውን ወረቀት አይቶ የመጣ ሰው እሱን ያገኛል። ቢበላሽም የሚጠፋ ነገር የለበትም። ማንም አይጠብቀውም። ኪራዩ አንድ ቀን ዋጋ ቢጨምር እከፍላለሁ፤ ቢዘጉት ዕቃዬን ይዤ ሌላ ቤት እፈልጋለሁ። እርስዎ ሰባት ቤት ቀይረዋል፤ አልሞቱም።

ያመለጠኝን ሥራ ግን የሚመልስልኝ የለም። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ወጥቼ እስከ ምሽት ውጭ ዋልኩ። የት መሄድ እንዳለብኝ ስላላወቅሁ አውቶቡስ ተራ ወንበር ላይ ተቀምጬ የሚሄደውን ሰው ሳይ ዋልኩ። መብራት ሁለቴ ጠፍቶ ሁለቴ መጣ። ሁለቴም ብድግ ብያለሁ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት «መኪናሽ ደረሰ?» አለችኝ።

ስለ ብቸኝነትዎ የጻፉትን አንብቤዋለሁ። አልዘለልኩትም። ይህን ደብዳቤ ዛሬውኑ ፖስታ ቤት አስገባዋለሁ፤ ማኅተሙን ማየት ይችላሉ። ከእንግዲህ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ይጠፋል፤ ሲመጣ ያለ ሰው ራሱ ይነሳል። በሁለቱ መሃል የሚቆጥሩት ደቂቃ የለም። ገጹ ተከፍቶ ሲያዩት እቤት አለች ማለት አይደለም፤ ተዘግቶ ሲያዩትም ወጥታለች ማለት አይደለም። ቤት መኖሬን፣ መሄዴን፣ ደህና መሆኔን ማወቅ ከፈለጉ እንደ ሰው ጽፈው ይጠይቁኛል። እኔም እውነቱን እመልስልዎታለሁ፤ መቼ እንደምመልስ ግን አላውቅም።

የወንድምዎ ልጅ